የካንሰር ዕጢን ለማስራብ የተነሱት ሐኪም

ለካንሰር መድኃኒት ተገኘ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተዋል? እንዲህ ያለ ወሬ ሰምተው የጀመሩትን ሕክምና ያቋረጡ ሰዎች በሥራዬ ላይ ያጋጥሙኛል። ስለዚህ ዛሬ የአንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ላካፍልዎ ወደድኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ጁዳ ፎክማን በ1933 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአይሁድ ሃይማኖት መምህር ነበሩ፤ ሆስፒታል ሄደው ሕሙማንን ሲጠይቁ ልጃቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። ሐኪም የመሆን ፍላጎት ያደረባቸው በዚያ ነው። በ1957 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ሲያገለግሉ የደም ምትክ እንዲፈልጉ ታዘዙ። ለሙከራው የጥንቸል ታይሮይድ፣ ማለትም ሲያብጥ እንቅርት የምንለውን የአንገት አካል፣ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ፈሳሽ እያዘዋወሩ በሕይወት አቆዩ። የአይጥ ካንሰር ሕዋሳት ሲጨምሩበት ዕጢው እስከ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር አድጎ ቆመ፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አልበለጠም። ያው ዕጢ ወደ ሕያው አይጥ ሲዛወር ግን በፍጥነት ገዘፈ። ልዩነቱ በመስታወቱ ውስጥ አዲስ የደም ሥር አለመብቀሉ ነበር።

በ1971 ሐሳባቸውን በታዋቂ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ዕጢ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ የሚጠራ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ጥሪው ከታገደ ምግብና ኦክስጅን አጥቶ ባለበት ይቀራል የሚል ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች አልተቀበሏቸውም። እርሳቸው ግን የቀዶ ሕክምና ባለሙያ በመሆናቸው ዕጢ ሲነካ እንዴት እንደሚደማ በዓይናቸው ያዩ ነበሩ።

ለማስረዳት የሚታይ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። የዓይን ብሌን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን በተፈጥሮው የደም ሥር የለውም። ቡድናቸው በጥንቸል ዓይን ሽፋን ውስጥ የዕጢ ቁራጭ ሲያስቀምጥ አዳዲስ የደም ሥሮች ወደ ዕጢው ሲያመሩ በግልጽ ታየ። ጫጩት እየተፈጠረበት ባለ እንቁላልም ቅርፊቱን ከፍቶ የደም ሥር ሲበቅል መመልከት ተቻለ። የደም ሥርን ውስጠኛ ክፍል የሚሸፍኑ ሕዋሳትንም በቤተ ሙከራ ማሳደግ ቻሉ። በ1981 ከቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ኃላፊነታቸው ለቀው ሙሉ ጊዜያቸውን ለምርምር ሰጡ።

በ1990ዎቹ በቤተ ሙከራቸው የተገኙ ሁለት ፕሮቲኖች የአይጦችን ዕጢ አከሰሙ። በግንቦት 1998 ዜናው በአንድ ትልቅ ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ሲወጣ ከየአቅጣጫው መድኃኒቱን የሚጠይቁ ሕሙማን በዙ። ዶክተሩ ግን የፈወሱት አይጥ እንጂ ሰው አለመሆኑን ደጋግመው ይናገሩ ነበር። ልክም ነበሩ፤ በሰው ላይ ሲሞከር ያው ውጤት አልተገኘም። የአይጥ ዕጢ በሳምንታት የሚያድግ ነው፤ የሰው ግን ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጃል፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋበትም የደም ሥር የሚጠራበት ሌላ መንገድ ያገኛል።

ያም ሆኖ ሐሳቡ ከንቱ አልቀረም። በ2004 ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒት ለተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር በአሜሪካ ተፈቀደ። ከሌሎች የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ሲሰጥ ዕድሜ በወራት ያራዝማል እንጂ ብቻውን ፈዋሽ አይደለም። የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች በስኳር ሕመምና በዕድሜ ምክንያት ለሚጎዳ ዓይንም ይሰጣሉ። ዶክተር ፎክማን ጥር 14 ቀን 2008 በ74 ዓመታቸው ወደ ስብሰባ ሲጓዙ በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ በልብ ሕመም አረፉ።

ከመስታወቱ ዕቃ እስከ መድኃኒቱ ከ40 ዓመት በላይ ፈጅቷል። እንግዲህ አዲስ መድኃኒት ተገኘ ሲባል በሰው ላይ ተሞክሯል ወይ፣ ለየትኛው ካንሰር ነው ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ። ወሬ ሰምተው የጀመሩትን ሕክምና አያቋርጡ። የደም ሥር ዕድገትን የሚገታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የደም ግፊትዎን ይለኩ፤ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ስለሚያደርግም ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና ወይም ጥርስ ከመነቀልዎ በፊት ይናገሩ። የስኳር ሕመም ካለብዎ በዓመት አንድ ጊዜ ዓይንዎን ይመርመሩ። ያልተለመደ እብጠት፣ የማይድን ቁስል ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ መድማት ሲያዩም ሳይገዝፍ ይታዩ።