የደራሲ በዓሉ ግርማ የሕይወት ታሪክ ባጭሩ

በዓሉ ግርማ የተወለደው ከከፋችን ብዙም በማትርቀው በኢሉባቦር፣ ሱጴ በምትባል ስፍራ ነው። በጄኔራል ዊንጌት ተማሪ ቤት ተምሮ፣ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ፣ ኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ሆነ። ዝም ቢል ኖሮ ደመወዙም ሹመቱም ባልተጓደለበት። ነገር ግን በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብን ዘመቻ ወሬ ለመንግሥት ሊያሰራጭ አስመራ ሄዶ ሳለ፣ ለሕዝብ የሚነገረውና እርሱ በዓይኑ የሚያየው አልገጥም አለው። ያየውንም በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» በተባለው ልብ ወለድ አወጣው። መጽሐፉ ወዲያው ከየመደብሩ ተለቀመ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ቀን ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ባለቤቱና ልጆቹ እርም እንዳያወጡ ሬሳ አላዩ፤ ተስፋ እንዳያደርጉም ወሬ አልመጣላቸው። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም።