ማተሚያውን ማን ይጠብቀዋል? የሉድቪግ ፎን ሚዘስ ሕይወት

ጠገራ ብርን የማያውቅ ሽማግሌ በመካከላችን የለም። የማርትሬዛ ብር እያሉም ይጠሩታል። ባለ ሴትዮዋ፣ 1780 የሚል ዓመት የተመታበት፣ ከበድ ያለ የብር ሳንቲም ነው። አንዳንድ ቤት ዛሬም ከእናት ጌጥ ጋር ተጠቅልሎ ተቀምጦ ይገኛል። ሴትዮዋ የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ ሳንቲሙም ለብዙ ዘመን ሲመታ የኖረው በቪየና ከተማ ነው። ታዲያ የጎንደር ገበሬ አይቷት የማያውቃትን የሩቅ አገር ንግሥት ገንዘብ ለምን ተቀበለ? ንጉሡ ተቀበል ብሎ አዋጅ አላስነገረበትም። የተቀበለው ብሩ እውነተኛ ብር ስለሆነ፣ ክብደቱ ስለማይቀያየርና ነገ ገበያ ሲወጣ ሌላውም ሰው እንደሚቀበለው ስለሚያውቅ ነው። የጌጧን ነጥቦች ቆጥሮ፣ አገላብጦ አይቶ ይወስደዋል።

ዘንድሮ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የደከመው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ገንዘብን ገንዘብ የሚያደርገው ምንድን ነው? የመንግሥት ትእዛዝ ነው ወይስ የሰዎች መተማመን? መንግሥት እንደ ልቡ ማተም ቢችልስ የሠራተኛው ደመወዝና የአሮጊቷ ጥሪት ምን ይሆናል? ሰውዬው ሉድቪግ ፎን ሚዘስ ይባላል። ዛሬ ሊበርታሪያን የሚባሉት፣ ማለትም የመንግሥት ሥልጣን በጣም እንዲያንስና ሰው በንብረቱና በሥራው ነፃ እንዲሆን የሚሟገቱት ሰዎች፣ ከታላላቅ አባቶቻቸው አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል።

ሚዘስ የተወለደው በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 29 ቀን 1881 ሌምበርግ በምትባል ከተማ ነው። ሌምበርግ ያኔ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ ሊቪቭ ተብላ በዩክሬን ውስጥ ትገኛለች። ቤተሰቡ በከተማው አይሁዶች ዘንድ የታወቀ ነበር። ቅድመ አያቱ ማየር ራህሚኤል ሚዘስ ከንጉሠ ነገሥቱ የመኳንንት ማዕረግ ያገኘው ሚዘስ በተወለደበት በዚያው ዓመት ነው። አባቱ የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሪቻርድም በኋላ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ ሆኗል። ሚዘስ ራሱ ሃይማኖት አጥባቂ አልነበረም፤ ነገር ግን አይሁድነቱን የሚያስታውሱት ሌሎች ሰዎች እንደነበሩ ወደ ፊት እናያለን።

ቤተሰቡ ወደ ቪየና ከመጣ በኋላ እዚያው ተምሮ በ1900 ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1906 በሕግ ዶክተር ሆነ። ተማሪ ሳለ የካርል ሜንገርን መጽሐፍ አነበበና ሐሳቡ ሁሉ ወደ ኢኮኖሚክስ ዞረ። ሜንገር ገንዘብ ከገበያ የተወለደ ነገር ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ሰዎች እርስ በርስ ሲለዋወጡ፣ ሁሉም የሚፈልገውና የማይበላሽ ዕቃ ቀስ በቀስ መለዋወጫ ይሆናል፤ መንግሥት ማኅተሙን የሚያደርግበት ኋላ ነው። አሞሌ ጨው ሲገበያይበት ለኖረ ሕዝብ ይህ ትምህርት ብዙም አይከብደውም።

በ1912፣ ገና በ31ኛ ዓመቱ አካባቢ፣ ሚዘስ ስለ ገንዘብና ብድር የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ወጣ። ከዋና ሐሳቦቹ ሁለቱን እንንገራችሁ። አንደኛው፣ አዲስ ገንዘብ ሲታተም ዋጋ ሁሉ በአንድ ቀን እኩል አይወጣም የሚለው ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ገበያው ሳይወደድ ይገዛበታል። መጨረሻ የሚደርሰው ደመወዝተኛና ጡረተኛ ግን ሁሉ ነገር ከተወደደ በኋላ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ማተም ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ሀብት ያዛውራል፤ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት የሚከፈል ግብር ነው። ሁለተኛው፣ ባንኮች ሕዝቡ ካልቆጠበው ገንዘብ በርካሽ ወለድ ብድር ሲለቁ የሥራ ሞቅታ ይፈጠራል፤ ቆይቶ ግን የተጀመረውን ሁሉ ለመጨረስ በቂ ሀብት እንደሌለ ይታወቅና ኪሳራ ይመጣል የሚል ነበር።

ይህን ሁሉ የጻፈ ሰው የዩኒቨርሲቲ ወንበር ይሰጠው ይሆናል ትሉ ይሆናል። አላገኘም። ከ1913 ጀምሮ በቪየና ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተምር ተፈቀደለት እንጂ ደመወዝ ያለው የፕሮፌሰርነት ቦታ አልተሰጠውም። ብዙዎች ምክንያቱን አይሁድ መሆኑ፣ የነፃ ገበያ አማኝ መሆኑና ፈጽሞ ለድርድር የማይመች ሰው መሆኑ ነው ይላሉ። እንጀራውን ያገኝ የነበረው ከ1909 ጀምሮ በተቀጠረበት በቪየና የንግድ ምክር ቤት ነው። ከጦርነቱ በኋላ በዚያው ቢሮው ወጣቶችን እየሰበሰበ የውይይት ክበብ አቋቋመ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ፍሪድሪክ ሃየክ ነበር። በ1920 ደግሞ፣ ፋብሪካውን ሁሉ መንግሥት ከወረሰው የዕቃዎች እውነተኛ ዋጋ ስለማይታወቅ ምን ማምረት እንደሚሻል ማስላት አይቻልም ብሎ ሶሻሊዝምን የሞገተበትን ጽሑፍ አወጣ። ክርክሩ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።

በመካከሉ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ነበር። ሚዘስ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ በምሥራቅ ግንባር ተዋግቷል። ከጦርነቱ በፊት የኦስትሪያ ክሮን በወርቅ የተደገፈ ነበር፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ5 ክሮን ገደማ ይመነዘራል። ጦርነቱ ሲጀመር ወርቁ ተቆለፈና ማተሚያው ተከፈተ። ሰላም ከወረደ በኋላም አልተዘጋም። የተሸነፈው መንግሥት ለዳቦ ድጎማና ለብዙ ሺህ ሠራተኞቹ ደመወዝ የሚከፍለው እያተመ ነበርና። በ1922 ክረምት፣ በእኛ በእስራኤል በጋ መሆኑ ነው፣ አንድ ዶላር ከ70,000 ክሮን በላይ ሆነ።

ይህ ቁጥር በአንድ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከጦርነቱ በፊት 10,000 ክሮን ለእርጅናው ያስቀመጠ ሰው ወደ 2,000 ዶላር የሚጠጋ ሀብት ነበረው። በ1925 ክሮን ቀርቶ ሺሊንግ የተባለው አዲስ ገንዘብ ሲመጣ፣ ልውውጡ 10,000 ክሮን በ1 ሺሊንግ ሆነ። የዕድሜ ልክ ጥሪት አንዲት ሺሊንግ! ያ ሰው አልሰከረም፣ ቁማር አልተጫወተም፤ ጥፋቱ መቆጠቡ ብቻ ነበር። ባለ ዕዳው ግን በወረቀት ከፍሎ ተገላገለ። ሚዘስ መንግሥትን ማተም አቁሙ እያሉ ከወተወቱት አንዱ ነበር። በኅዳር 1922 ማተሚያው ቆመ፤ የመንግሥታት ማኅበርም ብድር እንዲገኝ ዋስትና አመቻቸ፣ ከመንግሥት እጅ ራቅ ያለ አዲስ ብሔራዊ ባንክም ተቋቋመ።

ሚዘስ ወርቅን የሚወደው ለብልጭታው አልነበረም። ብሩን ያየ ሰው ወርቁን ከባንክ መጠየቅ ከቻለ፣ መንግሥት ከወርቁ በላይ ሲያትም ሕዝቡ ወረቀቱን እየመለሰ ወርቁን ይወስድበታል። ስለዚህ መንግሥት ለመዝመትም ሆነ ለመደጎም ሲያምረው፣ ግልጽ ግብር ጥሎ ወይም በግልጽ ተበድሮ ሕዝቡን መጋፈጥ አለበት። ለሚዘስ ይህ እንደ ሕገ መንግሥት ያለ የነፃነት ጠባቂ ነበር። መንግሥት አያስፈልግም ግን አላለም፤ ሕይወትንና ንብረትን የሚጠብቅ መንግሥት የግድ ነው ይል ነበር።

በ1934 ጄኔቫ ከሚገኝ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ጥሪ ደረሰውና ሄደ። በደህና ጊዜ ወጣ። በመጋቢት 1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ወዲያው ወደ ቪየና መኖሪያው ገብተው መጻሕፍቱንና ወረቀቶቹን ጭነው ወሰዱ። ያ ሁሉ ጽሑፍ ከጦርነቱ በኋላ በሶቪየቶች እጅ ወድቆ ሞስኮ ውስጥ በምስጢር መዝገብ ቤት ተቀምጦ ኖረ። የተገኘው በ1990ዎቹ፣ እሱ ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በ1938 ጄኔቫ ውስጥ ማርጊትን አገባ። በ1940 ፈረንሳይ ስትወድቅ ባልና ሚስቱ በአውቶቡስ የጀርመን ወታደሮችን እየሸሹ ፈረንሳይን አቋርጠው ስፔን፣ ከዚያም ሊዝበን ደረሱ። ነሐሴ 2 ቀን 1940 ኒው ዮርክ በመርከብ ገቡ። ሚዘስ 58 ዓመቱ ነበር፤ ቤት የለው፣ ቋሚ ሥራ የለው፣ የሚጽፍበት ቋንቋም ጀርመንኛ ነበር። በጎልማሳነት ዕድሜ ሁሉን ትቶ በሰው አገር ቋንቋ እንደገና መጀመር ምን እንደሆነ፣ እኛ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም፤ በየቤታችን ያለ ታሪክ ነው።

አሜሪካም ወንበር አልዘረጋችለትም። ከ1945 እስከ 1969 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ማዕረጉ እስከ መጨረሻው የእንግዳ ፕሮፌሰር ነበር፤ ደመወዙንም የሚከፍሉት ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ከውጭ ያሉ ደጋፊዎቹ ነበሩ። እሱ ግን በ1949 ወደ 900 ገጽ የሚሆነውን ትልቁን መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አሳተመ። በሴሚናሩ ከተቀመጡት መካከል መሪ ሮትባርድና እስራኤል ኪርዝነር ይገኙ ነበር፤ የሊበርታሪያን ንቅናቄም ከዚያ ክፍል ብዙ ስንቅ ወስዷል። ነሐሴ 15 ቀን 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የውጭ መንግሥታት ዶላርን በወርቅ መመንዘራቸውን አቆመ። የዓለም ገንዘብ ሁሉ ወረቀት ሆነ። ሚዘስ 90 ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ጥቅምት 10 ቀን 1973 በ92 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ። በዓመቱ ተማሪው ሃየክ የኖቤል ሽልማት አገኘ።

አሁን ደግሞ የሌላውን ወገን እንስማ፤ የአንድ ወገን ብቻ ማቅረብ ልማዳችን አይደለምና። ብዙ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ወርቅ ላይ የሙጥኝ ማለት ታላቁን የ1930ዎቹ ችግር አባብሶታል ይላሉ። እንግሊዝ በ1931 ከወርቅ ወጣች፤ ቀድመው የወጡት አገሮች ባጠቃላይ ቀድመው አገገሙ። ወርቅ የሚገኘው ማዕድን በተቆፈረ መጠን ነው፤ ሰውና ሥራ ሲበዛ ወርቁ ካልበዛ ዋጋ ይወርዳል፣ ባለ ዕዳውም ይጨነቃል። የነፃ ገበያ ደጋፊ የነበረው ሚልተን ፍሪድማን እንኳ በዚህ ከሚዘስ ጋር አልተስማማም። በፖለቲካም የሚነቀፍበት አለ። በ1927 መጽሐፉ የጣሊያን ፋሺዝም ለጊዜው ኮሚኒዝምን አቁሟል ብሎ ማመስገኑን ተቺዎች እስከ ዛሬ አልረሱለትም፤ ምንም እንኳ እዚያው ላይ ፋሺዝም ዘላቂ መፍትሔ እንደማይሆንና ወደ ጦርነት እንደሚያመራ ቢያስጠነቅቅም።

የእኛ አገር ታሪክም ለክርክሩ የሚጨምረው አለ። ብዙ ወላጆቻችን በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ የመጡት በኅዳር 1984 እና በጥር 1985 መካከል ነው። በ1984 የእስራኤል የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ በላይ ነበር። ከአውሮፕላን ወርደው የመጀመሪያውን ሼቄል የያዙ ሰዎች፣ ዕቃው በየሳምንቱ ዋጋ የሚቀይርበት ሱቅ ነበር የጠበቃቸው። በሐምሌ 1985 መንግሥት ወጪውን ቀነሰ፤ ብሔራዊ ባንኩም ለመንግሥት ጉድለት ገንዘብ እንዳያበድር በሕግ ተከለከለ። በመስከረም አዲሱ ሼቄል መጣ፤ አንዱ በ1,000 አሮጌ ሼቄል። ንረቱም ወረደ። ይኸው እንግዲህ፣ ማተሚያው የታሰረው ያለ ወርቅ፣ በሕግ ብቻ ነው።

ታዲያ ሚዘስ ተሳስቷል ማለት ነው? በወርቁ ጉዳይ ከእሱ ጋር የማንስማማ በመካከላችን አለን፤ የሚስማሙም አሉ፤ ስንወያይበት አምሽተን አልጨረስነውም። ሕግን ፓርላማ ያወጣዋል፣ ሲቸግረው ፓርላማው ሊሽረው ይችላል ይላሉ አንዳንዶቻችን። ሌሎቻችን ደግሞ የወርቁንም ቃል ቢሆን መንግሥታት በ1914ም በ1971ም ከማጠፍ አልተመለሱም እንላለን። የተስማማነው ግን አንድ ነገር ላይ ነው። ወርቅም ይሁን ሕግ፣ ማተሚያውን የሚጠብቀው በመጨረሻ ነቅቶ የሚጠይቅ ሕዝብ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ምርጫ ደርሶ ማንኛውም ፓርቲ ይህን እሰጣችኋለሁ፣ ያንን እጨምርላችኋለሁ ሲላችሁ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ከግብር ነው? ከብድር ነው? ወይስ ከማተሚያ? እስከዚያው ደግሞ ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁን ስለዚያ ስለ 1985ቱ ሼቄል ጠይቋቸው። የሚነግሯችሁን ጻፉና ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዓመት እትማችን ቦታ እናዘጋጅለታለን። ለከርሞው በሰላም ያገናኘን።