መኪናን ከግቢ ያስወጡ እናት፦ ወይዘሮ ቤርታ ቤንዝ

የቤንዝን ስም ያልሰማ ሰው በመካከላችን አይገኝም። መኪናውን ከግቢ አውጥተው መንገድ ያስያዙትን ሴት ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በዛሬው ጽሑፋችን የእኚህን እናት ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤርታ ሪንገር በጀርመን አገር ፕፎርትስሃይም በምትባል ከተማ በ1849 ተወለዱ። በዚያ ዘመን የከፍተኛ ትምህርት በር ለሴት ዝግ ነበር። በ1872 መሐንዲሱን ካርል ቤንዝን አገቡ። ከሠርጉም በፊት ከወላጆቻቸው የሚደርሳቸውን የጋብቻ ገንዘብ አስቀድመው ወስደው፣ ማንሃይም ከተማ ለነበረው የእጮኛቸው ወርክሾፕ አዋሉት።

ካርል ባለሦስት እግሩን መኪና በ1886 በፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ገዢ ጠፋ! ካርልም መኪናውን ማሻሻል እንጂ ለሰው ማሳየቱ አልሆነላቸውም። የቤተሰቡ ገንዘብና ተስፋ ግን በዚያ ብረት ላይ ነበር የፈሰሰው።

በኦገስት ወር 1888 አንድ ማለዳ ወይዘሮ ቤርታ ለባላቸው ሳይነግሩ ሁለቱን ልጆቻቸውን ኦይገንንና ሪቻርድን ይዘው በመኪናው ወጡ። ከማንሃይም እስከ ትውልድ ከተማቸው 106 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ያህል መንገድ የሄደ መኪና አልነበረም።

መንገድ ላይ ያልገጠማቸው ነገር የለም። የነዳጁ ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣቸው መርፌ ከፈቱት። የኤሌክትሪኩ ሽቦ ሲላጥ በካልሲ ማሰሪያቸው ሸፈኑት። ነዳጅ ሲያልቅ ቪስሎህ ከሚገኝ መድኃኒት ቤት ሊግሮይን የተባለውን የልብስ ማጽጃ ገዙ። ውሃውም ከሞተሩ ሙቀት የተነሣ እየተነነ ስለሚያልቅ ባገኙበት ይሞሉ ነበር።

ዋናው ጣጣ ግን ኃይሉን ከሞተር ወደ እግር የሚያደርሰው ክፍል ነው። በዚህ መኪና ኃይሉ በቺንጋ ወደ መካከለኛው ዘንግ፣ ከዚያም በካቴና ወደ ኋላ እግሮች ይተላለፋል። ካቴናው ሲያስቸግር ብሩህዛል ላይ ቀጥቃጭ ፈልገው አሠሩት። የእንጨቱ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሲበላ ደግሞ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደው ቆዳ አስመቱበት። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የፍሬን ሸራ የምንለው ነገር ሥራው ይኸው ነው። ዳገት ላይ ግን መላ ጠፋ። ማርሹ ሁለት ብቻ፣ ለዳገት የሚሆን የለውም፤ ልጆቹ ወርደው መግፋት ነበረባቸው።

ሲመሽ ደረሱ፤ ለባላቸውም ቴሌግራም ላኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲመለሱ ያዩትን ጉድለት ሁሉ ነገሯቸው። ካርልም አልተቀየሙም፤ ለዳገት የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽ ጨመሩበት። የመኪናውም ዝና በአገሩ ተሰማ።

ወይዘሮ ቤርታ 95 ዓመት በሞላቸው ቀን፣ በ1944፣ የካርልስሩህ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ሴናተር ብሎ ሰየማቸው። በወጣትነታቸው የተዘጋው በር በስተርጅና ተከፈተ ማለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላም አረፉ።

ከዚህ ታሪክ እኛ እጩ መምህራን የምንወስደው አለ። የትምህርት ዕቅዳችን ወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው። ማርሽ እንደጎደለው የምናውቀው ግን ለልምምድ ክፍል ገብተን ዳገቱ ላይ ሲቆምብን ነው። ያን ጊዜ አንፈር፤ ወርደን እንግፋ፣ የጎደለውንም ይዘን እንመለስ። መምህራኖቻችንም እንደ ካርል ሰምተው ማርሹን ያስጨምሩን።