የአልፓይኑ ማማ ሰው

በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ በሀድሰን ወንዝ ምዕራባዊ ገደል አናት ላይ፣ ሦስት አግዳሚ ክንዶች ያሉትና 130 ሜትር ገደማ የሚረዝም የብረት ማማ ቆሟል። ቦታው አልፓይን ይባላል። ማማውን በራሱ ገንዘብ ያስተከለው ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ነው፤ የኤፍኤም ሬዲዮ አባት።

አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1890 ኒው ዮርክ ተወለደ። ከፍታ ይወዳል። በጉርምስናው ዮንከርስ በሚገኘው የወላጆቹ ግቢ የአንቴና ምሰሶ አቁሞ ይወጣበት ነበር። በ1923 ደግሞ የአርሲኤ ኩባንያ የኒው ዮርክ ማማ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፎቶግራፍ ተነሣ። ፎቶውን የላከው የኩባንያው ኃላፊ የዴቪድ ሳርኖፍ ጸሐፊ ለነበረችው ለማሪዮን ነው። ሳርኖፍ እጅግ ተቆጣ፤ ማሪዮን ግን በዚያው ዓመት አገባችው።

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1912 ደካማ ሞገድን የሚያጎላ ሰርኪዩት ሠርቷል። በ1918 ፓሪስ ውስጥ በወታደርነቱ የፈጠረው ሱፐርሄትሮዳይን ደግሞ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መቀበያዎች መሠረት ሆነ። ፈጠራዎቹን ሲሸጥ ሀብታም የአርሲኤ ባለአክሲዮን ሆነ።

ትልቁ ሥራው ግን የመጣው በ1933 ነው። ያኔ የነበረው ሬዲዮ ድምፅን የሚያጓጉዘው የሞገዱን ጉልበት ከፍና ዝቅ በማድረግ ነበር። መብረቅና ሞተርም የሚረብሹት ይህንኑ ጉልበት ስለሆነ ጩኸቱ አብሮ ይገባል። አርምስትሮንግ ጉልበቱን ትቶ ድግግሞሹን አወዛወዘ፤ ጩኸቱም ጠፋ።

ሙከራውን ከኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ ሲያደርግ ቆይቶ በ1935 አርሲኤ ለቴሌቪዥን ሥራ ቦታውን እንዲለቅ ጠየቀው። እሱም ወደ አልፓይን ሄደ። ጣቢያው ከ300,000 ዶላር በላይ አስወጣው።

በ1940 ከዮንከርስ የተነሣ ፕሮግራም በአልፓይን በኩል ኮነቲከትና ማሳቹሴትስ ወደሚገኙ ጣቢያዎች ያለ አንዳች የስልክ ሽቦ ተላለፈ። ይህ የአየር ቅብብሎሽ ብዙ አልተወራለትም፤ እኔ ግን ከሬዲዮው አላሳንሰውም። በ1947 በኒው ዮርክና በቦስተን መካከል፣ በ1951 ደግሞ ከባሕር እስከ ባሕር በ107 ማማዎች የተዘረጋው የኤቲ ኤንድ ቲ ማይክሮዌቭ መስመር የሚሠራው በዚሁ በኤፍኤም ዘዴ ነበር።

ፈጣሪው ግን አልተጠቀመም። በ1945 የአሜሪካ መንግሥት የኤፍኤምን ድግግሞሽ ከ50 ሜጋኸርዝ በታች ወደ 88-108 አዛወረው። የአዲስ አበባ አድማጭ ዛሬ 97.1ን ወይም 102.1ን የሚፈልገው በዚህ ክልል ውስጥ ነው። በወቅቱ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መቀበያዎች ከንቱ ቀሩ። አርሲኤ ቀደም ሲል ያቀረበለትን የአንድ ሚሊዮን ዶላር ክፍያ አልቀበልም ብሎ ነበርና በ1948 ፍርድ ቤት አቆመው። ክርክሩ ሀብቱንም ትዳሩንም አናጋ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጥር ማብቂያ ላይ አርምስትሮንግ ራሱን አጠፋ። 63 ዓመቱ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአልፓይን ጣቢያ ሥርጭቱን አቆመ። ማሪዮን ግን ክሱን አልተወችም። አርሲኤ በዚያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ፤ የመጨረሻው ሙግት፣ የሞቶሮላው፣ በ1967 በድሏ ተቋጨ።

ማማው አልፈረሰም። መስከረም 11 ቀን 2001 የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች ከነአንቴናዎቻቸው ሲወድቁ፣ ከአየር የጠፉ በርካታ የኒው ዮርክ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሥርጭታቸውን የቀጠሉት ከአልፓይን ላይ ነው።