የአንጎልን ካርታ የሠሩት ሐኪም

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዊልደር ፔንፊልድ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ተወለዱ። በ1928 የገዛ እህታቸውን የአንጎል ዕጢ ቢያወጡም ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አልቻሉም፤ እህታቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። በ1934 በካናዳ የሞንትሪያል የነርቭ ሕክምና ተቋምን መሠረቱ።

አንጎል ራሱ ሲነካ ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ የሚጥል በሽታ ታካሚዎችን የራስ ቆዳ ብቻ አደንዝዘው፣ ነቅተው ሳሉ አንጎላቸውን በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ይነኩ ነበር። አንዱ ቦታ ሲነካ እጅ፣ ሌላው ሲነካ ከንፈር ያለ ታካሚው ፈቃድ ይንቀሳቀሳል። በዚህ መንገድ እንቅስቃሴን የሚያዙትን ቦታዎች ለይተው፣ ጤነኛውን ክፍል ሳይጎዱ የታመመውን ለማውጣት ቻሉ። በ1976 አረፉ።

ውድ አንባቢያን፣ የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። የወደቀን ሰው ክብሪት አያሽትቱ፤ በጎኑ ያስተኙት። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ በፍጥነት ወደ ሕክምና ያድርሱት።