ኤዲሰን በእናቱ ቤት እንዴት ተማረ?

የቶማስ ኤዲሰንን ስም ያልሰማ በመካከላችን የለም። ስለ አምፖል በተወራ ቁጥር ስሙ ይነሳል። ዛሬ ግን እኛ የምናነሳው አምፖሉን ሳይሆን ልጅነቱን ነው፤ ለእኛ ለእጩ መምህራን ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚያ ነውና።

ኤዲሰን በ1847 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሚላን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰባት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ሚሺጋን ወደሚገኘው ፖርት ሂውረን ተዛወረ። እዚያ ትምህርት ቤት ቢገባም የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። አስተማሪው የልጁ ጭንቅላት የዞረ ነው ብሎ ፈረደበት። ልብ እንበል፤ ይህን የፈረደው የእኛው የሙያ ባልደረባ ነው።

እናቱ ወይዘሮ ናንሲ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። እሳቸውም ቀደም ሲል በካናዳ አስተማሪ ነበሩ። ልጁን አስወጥተው ቤት ውስጥ ራሳቸው ያስተምሩት ጀመር። ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ አስተማሩት፤ የታሪክ መጻሕፍትም አስነበቡት። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ደግሞ የሳይንስ ሙከራዎች ያሉበት መጽሐፍ ሰጡት። ከዚያ በኋላ መንገዱን የመረጠው ልጁ ራሱ ነው። በመጽሐፉ ያለውን ሙከራ በገዛ እጁ ሠርቶ ለማየት ተነሳ፤ የኪስ ገንዘቡንም ለኬሚካል መግዣ አዋለው። ክፍሉ በጠርሙስ ሲሞላ እናቱ ሥራውን አልከለከሉትም፤ ወደ ምድር ቤት እንዲያወርደው አደረጉ እንጂ። እሱም ሌላ ሰው እንዳይነካበት ጠርሙሶቹ ላይ መርዝ ብሎ ጻፈባቸው።

በ1859 ባቡር ላይ ጋዜጣ መሸጥ ጀመረ። በ1862 እዚያው ባቡር ውስጥ የራሱን ጋዜጣ ማተም ቻለ። እኛ ይህን የግድግዳ ጋዜጣ ለመሙላት ስንት ቀን እንደምንለፋ ስናስበው፣ የ15 ዓመቱ ልጅ ያስቀናናል!

ወይዘሮ ናንሲ የልጃቸውን ትልቁን ዝና ሳያዩ በ1871 አረፉ። ኤዲሰን በ1877 ድምፅ መቅጃውን ፎኖግራፍ ሠራ፤ በ1879 ደግሞ ከረዳቶቹ ጋር ለረጅም ሰዓት የሚበራ አምፖል አሳየ። በ1931 ሞተ፤ በአሜሪካ በጠቅላላው 1,093 የፈጠራ መብቶች በስሙ ተመዝግበዋል።

ታዲያ ምርጫ ሁሉን ያሟላል ማለት አይደለም። ልጁ ሒሳብ አልወደደም፤ ጎደሎውም አብሮት አደገ። በ1878 ለስሌቱ ሥራ የሒሳብ ምሁር መቅጠር ግድ ሆነበት። ስለዚህ ነገሩ ልጅን እንዲሁ መልቀቅ አይደለም። እናቱ መሠረቱን ራሳቸው ይዘው፣ ከዚያ ላይ ለልጁ ቦታ ተዉለት።

እኛ በየተማሪው ልክ ምድር ቤት የለንም። የክፍላችንም ተማሪ ብዙ ነው። ቢሆንም ከቀኑ ጥቂቷን ሰዓት ለልጁ ምርጫ መተው አያቅተንም፤ ወላጆችም በቤታቸው እንዲሁ እንዲያደርጉ ማስረዳት እንችላለን። በዚህ ታሪክ ውስጥ በልጁ የፈረደበትም፣ ያነሳውም አስተማሪ ነው። ነገ ክፍል ስንገባ ከሁለቱ ማንኛቸውን እንደምንሆን የምንመርጠው እኛው ነን።