የ8 ቁጥሩ ሰው፦ ላይማን ስፒትዘር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ላይማን ስፒትዘር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስፒትዘር በ1914 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ቶሌዶ ከተማ ተወለደ። የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። ተራራ መውጣትም ሲበዛ ይወዳል፤ በ1965 ካናዳ ውስጥ ቶር የሚባለውን ገደላማ ተራራ ወጥቷል።

በመጋቢት 1951 በበረዶ ላይ ሊንሸራተት ወደ አስፐን ሊሄድ ሲል አባቱ ስልክ ደወሉለት። አርጀንቲና የፀሐይን ዓይነት ኃይል በምድር ላይ አገኘሁ ማለቷን በጋዜጣ አንብበው ነው። ወሬው በኋላ ባዶ ሆነ። ስፒትዘር ግን ወደ ተራራው በሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳ ነገሩን ያሰላስል ጀመር።

ፀሐይ የምታበራው የሃይድሮጂንን አስኳሎች እያዋሃደች ነው። ያንን እዚህ ለመሥራት ጋዙን ወደ 100 ሚሊዮን ዲግሪ ማሞቅ ያስፈልጋል። እስቲ አስቡት፣ የትኛው ድስት ይችለዋል? ደግነቱ ጋዝ እንዲያ ሲግል የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ይሆናል፤ ስሙም ፕላዝማ ነው። ቅንጣቶቹን ማግኔት ከግድግዳው አርቆ ሊይዛቸው ይችላል። ይሁንና መያዣው እንደ ቀለበት ክብ ከሆነ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየተንሸራተቱ ያመልጣሉ። ስፒትዘር ቀለበቱን ጠምዝዞ 8 ቁጥር አስመሰለው። በአንዱ ዙር ወደ ላይ የሸሸው ቅንጣት በሌላው ዙር ወደ ታች ይመለሳል! መሣሪያውን ስቴላሬተር፣ ሥራውን ደግሞ በአውሮፓው ተራራ ስም ፕሮጀክት ማተርሆርን አለው። በፕሪንስተን የተሰጣቸው የመጀመሪያው ቤት ቀድሞ ጥንቸሎች ይረቡበት የነበረ ነው።

ግን ቅንጣቶቹ ከተጠበቀው በላይ ያመልጡ ነበር። በ1968 የሶቪየት ሳይንቲስቶች ቶካማክ በሚባል ሌላ መሣሪያ በጣም የተሻለ ውጤት አሳዩ፤ በ1970 ፕሪንስተንም ትልቁን ስቴላሬተር ወደ ቶካማክ ቀየረው።

እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። የጎደለው ስሌት ነበር። የማግኔቱን ቅርጽ ትንሽ በቀየራችሁ ቁጥር የቅንጣቶቹን መንገድ ሁሉ እንደገና ማስላት አለባችሁ፤ ለዚያ በእጅ የሚሠራ ሰው ዕድሜ አይበቃውም። ኃይለኛ ኮምፒዩተሮች ሲመጡ የጀርመን ሳይንቲስቶች ቅንጣቶቹን በኮምፒዩተር ውስጥ “እያስሮጡ”፣ የት እንደሚያመልጡ እያዩ፣ ቅርጹን ደጋግመው አረሙት። በመጨረሻ የወጣው ንድፍ 8 ቁጥርን አይመስልም፤ 50 ትልልቅ ማግኔቶቹ እጅ ጨምድዶ የጣላቸው ሽቦዎች ይመስላሉ።

ይህ ስቴላሬተር በግራይፍስቫልድ ከተማ በታኅሣሥ 2015 ሥራ ጀመረ፤ በየካቲት 2023 ፕላዝማውን 8 ደቂቃ ያዘ። ለምርምር ብቻ ስለተሠራ መብራት አያመነጭም። ስፒትዘር በ1997 ስለሞተ አላየውም። ስሙ ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ ነው፤ ቬንደልሽታይን በባቫሪያ የሚገኝ ተራራ ነው፤ የተመረጠውም ማተርሆርንን ለማስታወስ ነው።